ያልተፈተነ ዳሌ

ሠርግ ላይ ሙሽራዋን ከኋላ የሚያዩ እናቶች «እሷስ ምጥ አይከብዳትም» ብለው ይፈርዳሉ። ቀጠን ላለችው ደግሞ ከንፈር ይመጠጥላታል። ሁለቱም ፍርድ የተሰጠው ሥጋ ታይቶ ነው። ሕፃኑ የሚያልፍበት መንገድ ግን ያለው በአጥንቱ ቀለበት መሀል ነው። ሐኪሞች ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ልኬት፣ የወገብ አጥንት ከዳሌው የኋላ አጥንት ጋር ከሚገናኝበት ጉብታ ተነሥቶ ከፊት እስካለው የሐፍረት አጥንት ጀርባ ድረስ ያለው ርቀት ነው። ይህን ቀሚስም መስተዋትም አያሳዩትም። ቁመት ጥቂት ይጠቁማል፤ ቢሆንም አጭር ሆና ውስጧ ሰፊ፣ ረጅም ሆና ጠባብ የሆነች ሴት ታጋጥማለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ስለ ዳሌዋ አስተያየት ሲሰጣት የኖረች ሴት፣ በምትወልድበት ጊዜ የሚያስፈልጋትን ይህን አንድ ነገር ማንም ነግሯት አያውቅም።

*

በ28ኛው ሳምንት ከአራት ወይም ከአምስት ፅንሶች አንዱ መቀመጫው ወደ ታች ነው። አብዛኞቹ ራሳቸው ይዞራሉ። ቀኑ ሲደርስ በዚያው የሚቀሩት ከመቶ ሦስት ወይም አራት ናቸው።

በጭንቅላቱ የሚመጣ ሕፃን ወንዝ የሚሻገር ሰው በትሩን አስቀድሞ ጥልቀቱን እንደሚለካ ያለ ነው። ጭንቅላቱ ለሰዓታት እየተገፋ፣ አጥንቶቹ እየተጠጋጉ፣ ከመንገዱ ጋር ይስማማል። ካልተስማማም ምጡ አልገፋ ይላል፣ አዋላጇ ታያለች፣ ለመወሰን ጊዜ ይኖራል። በመቀመጫው ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ትልቁና ጠንካራው ክፍል መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ሰውነቱ እስከ እምብርቱ ከወጣ በኋላ እትብቱ በጭንቅላቱና በአጥንቱ መሀል ይጫናል፤ ከዚያ ወዲያ የቀረው ጊዜ የደቂቃዎች ነው። ጭንቅላቱ ቅርጹን እያስተካከለ የሚወርድበት ፋታ የለውም። መንገዱ እንደማይበቃ እዚያ ላይ ደርሶ ማወቅ ምንም አይጠቅምም።

ስለዚህ ጥያቄው ቀድሞ መመለስ አለበት። ዳሌን በምስል የመለካት ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

*

ሁለተኛ ልጇን የምትወልድ እናት ምስክር አላት። የመጀመሪያ ልጇ በዚያው መንገድ ወጥቷል፤ ሐኪሞችም «የተፈተነ ዳሌ» ይሉታል። የበኩሯን የምትጠብቀው ምስክር የላትም። የፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሐኪሞች ልጃቸው በመቀመጫው ሆኖ በምጥ መውለድ ለሚፈልጉ የበኩር ወላጆች ኤምአርአይ የተባለውን የምስል ምርመራ የሚያዝዙት፣ ወልደው ለሚያውቁት ግን ብዙውን ጊዜ የሚተዉት ለዚህ ነው።

*

ከምስሉ በፊት የሚሞከር ነገር አለ። ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ የሠለጠነ ሐኪም በእናትየው ሆድ ላይ በእጁ እየገፋ ሕፃኑን ሊያዞረው ይችላል። ለበኩር ወላጆች ከአሥር ሙከራ አራት ያህሉ ይሳካል። ብዙ ሴቶች ይህ መኖሩን ሳይሰሙ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዘው ይወጣሉ። ያናድደኛል። ስለ ዳሌዋ ወርድ ከማውራታችን በፊት ይህ ሊነገራት ይገባ ነበር።

*

ዳሌን በምስል መለካት ረጅም ታሪክ አለው። ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአውሮፓና በአሜሪካ ነፍሰ ጡሮች በራጅ ይለኩ ነበር። ኦክስፎርድ የነበሩት ሐኪም አሊስ ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1956 እና በ1958 ባወጧቸው ጽሑፎች፣ በማህፀን ሳሉ ራጅ የተነሡ ልጆች በካንሰር የመሞት ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳዩ። መነሻቸው የእናቶቹ ትዝታ ነበር፤ ልጃቸው የሞተባቸውንና በሕይወት ያለላቸውን እናቶች በእርግዝናቸው ጊዜ ምን እንደተደረገላቸው ጠየቁ። ለመታመን ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ዛሬ ኤምአርአይ ያንን ዓይነት ጨረር አይጠቀምም። እናትየው ጆሮዋን ተሸፍና ጠባብ ዋሻ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ትተኛለች። ሆድ ከደረሰ በኋላ በጀርባ መተኛት ይከብዳል፣ ጩኸቱም ኃይለኛ ነው። የሚያስፈራት ካለች ቀድሞ ሊነገራት ይገባል፤ ሌላ ጉዳት ግን አይታወቅበትም።

*

እ.ኤ.አ. በ2000 ላንሴት የተባለው መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት የዚህን ሙያ አቅጣጫ ቀየረው። የመሩት ካናዳዊቷ ሐኪም ሜሪ ሃና ናቸው። በ26 አገሮች፣ በ121 የሕክምና ተቋማት፣ 2,088 ሴቶች ተሳተፉ። ቀድሞ በታቀደ ቀዶ ሕክምና እንዲወልዱ ከተመደቡት ዘንድ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት የደረሰባቸው ሕፃናት ከመቶ 1.6 ሲሆኑ፣ በምጥ እንዲወልዱ በታቀደላቸው ዘንድ 5.0 ሆኑ። ሆላንድ ውስጥ ጥናቱ በወጣ በሁለት ወር ጊዜ በመቀመጫ የሚመጡ ሕፃናት በቀዶ ሕክምና የመወለዳቸው መጠን ከ50 በመቶ ወደ 80 በመቶ ዘለለ።

ሁለቱንም ወገን ማየት ግዴታ ነው። ሆላንድ ውስጥ ከዚያ በኋላ በመቀመጫ ከሚመጡ ሕፃናት የሚሞቱት ከሺህ 3.5 ወደ 1.8 ወርደዋል። ይህን የሚያቃልል ሰው ሊታመን አይገባም፤ እነዚያ ሕፃናት የሰው ልጆች ናቸው። በዚያው አገር ከ2000 እስከ 2002 ባለው ጊዜ ልጃቸው በመቀመጫው ስለሆነ ብቻ የታቀደ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው የሞቱ 4 እናቶችም ተመዝግበዋል። እነርሱም የሰው ልጆች ነበሩ። የካናዳው ቡድን ራሱ ልጆቹን ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ተከታትሎ በ2004 ባወጣው ውጤት፣ በሞትም ሆነ በእድገት መዘግየት በሁለቱ ወገን መካከል ልዩነት አላገኘም።

ብዙ ጊዜ የማይወራው ዝርዝር ሌላ ነው። በዚያ ትልቅ ጥናት የአብዛኞቹ ሴቶች ዳሌ የተገመተው በእጅ ምርመራ ነበር፤ በምስል የተለኩት ጥቂቶች ናቸው። በ2006 የወጣው የፈረንሳይና የቤልጂየም ጥናት በ174 ሆስፒታሎች 8,105 ሴቶችን ተከታተለ። እዚያ በምጥ ለመውለድ ካቀዱት 2,526 ሴቶች ከመቶ 80 በላይ የሚሆኑት በምስል ተለክተዋል። ከመቶ 71ዱ እንዳቀዱት ወለዱ። በሕፃናቱ ላይ የደረሰው ጉዳትም ከታቀደው ቀዶ ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም፤ 1.60 በመቶ ለ1.45 በመቶ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ምስሉ ብቻ ነው አልልም። እነዚያ ሆስፒታሎች ይህን ዓይነት ወሊድ ሳያቋርጡ የቆዩ ናቸው። ምስሉና ልምዱ አንድ ቤት ውስጥ ነበሩ።

*

ስለ ጉዳዩ ካነበብኩት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን በ1997 ሆላንድ ውስጥ የተደረገ ትንሽ ጥናት ነው። ልጃቸው በመቀመጫው የሆነ 235 ሴቶች ነበሩ። ሁሉም ኤምአርአይ ተነሡ። የግማሾቹ ልኬት ለሐኪሞቻቸው ተነገረ፤ የግማሾቹ ተሸሸገ። በመጨረሻ በቀዶ ሕክምና የወለዱት ከመጀመሪያው ወገን 42 በመቶ፣ ከሁለተኛው 50 በመቶ ሆኑ። ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ ፊት የሚቆም አይደለም። «ምስሉ አልጠቀመም» ብሎ ጥናቱን የሚዘጋ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል።

እኔ ቀጣዩን መስመር ነው ደጋግሜ ያነበብኩት። ምጥ ከገባ በኋላ በጥድፊያ የተደረገው ቀዶ ሕክምና ልኬቱ በታወቀበት ወገን 19 በመቶ፣ ባልታወቀበት 35 በመቶ ነበር። ያው ቢላዋ፣ ያው ስፌት ነው፤ ሰዓቱ ግን ሌላ ነው። ቀን ላይ፣ ተዘጋጅታ፣ ባሏን ሰነባብታ፣ ማደንዘዣው ጀርባዋ ላይ በእርጋታ ተወግቶ መግባት አለ። ሌሊት፣ አሥራ አራት ሰዓት አምጣ፣ ደክማ፣ ኮሪደሩ ላይ እየተሮጠ መግባትም አለ። የኋለኛው ለእናትም ለልጅም የበለጠ አደገኛ ነው። የሴቲቱ የራሷ ትዝታም ከዚያች ሌሊት ጋር ይኖራል፤ ይህንን ግን በመቶኛ ያሰፈረልን የለም። ምስሉ እዚህ የሠራው ሥራ ማን ተዘጋጅታ እንድትገባ፣ ማን ደግሞ በተሻለ ተስፋ እንድታምጥ መለየት ነው። በቂ ጥቅም ነው።

*

እዚህ ፍራንክፈርት ሐበሻ ብዙ ነው። ጀርመንኛ ላልጠናላቸው እናቶች በሆስፒታል አስተረጉማለሁ። አንዲት የበኩሯን የምትጠብቅ ልጅ ከአክስቷ ጋር ይዤ ገባሁ። ቀደም ሲል የሄደችበት ሆስፒታል «ልጁ በመቀመጫው ነው፣ ኦፕራሲዮን ነው» ብሎ ቀን ጽፎ ሰጥቷታል። አስተርጓሚ አልነበራትም። ለምን እንደሆነ የነገራት ወረቀቱ ብቻ ነው፣ እሱም በጀርመንኛ።

ይሄኛው ሐኪም ምስሉን ስክሪኑ ላይ ከፈተው። ሰውነቷ በጎን ለሁለት የተከፈለ ያህል ሆኖ ይታያል፤ ከኋላ የጀርባ አጥንቶች ተደርድረው፣ መሀል ላይ የሕፃኑ መቀመጫ፣ ከፊት ትንሽ ሞላላ አጥንት። ሐኪሙ ከኋላው ጉብታ እስከ ፊተኛው አጥንት ቀጭን ነጭ መስመር አሰመረ። ከመስመሩ አጠገብ 12.3 የሚል ቁጥር ወጣ።

«እህቴ፣ እወልዳለሁ ማለት ነው?» አለችኝ።

«ቆይ እንጂ ልጄ፣ ዶክተሩን አስጨርሺው» አሉ አክስቷ።

ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳ። ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ መሆኑ ለመሞከር የሚያበቃ ነው፤ ለመውለዱ ግን ዋስትና አይደለም። ምጡ መግፋት አለበት፣ የሕፃኑ አገጭ ወደ ደረቱ መታጠፍ አለበት፣ ክብደቱም ይታያል። መሀል ላይ ምጡ ከቆመ ወደ ቀዶ ሕክምና ይኬዳል። ልጅቷ መስመሩን በጣቷ ነካችው። አክስቷ ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤

«ሌሊት ምጥ ቢይዛት እርስዎ ይኖራሉ ወይ?»

ሳስተረጉምለት ሐኪሙ ቀና አለ። ከዚያም በየሌሊቱ በመቀመጫ የሚመጣን ሕፃን ማዋለድ የሚችል ሰው ተረኛ እንደሚኖር፣ ከሌለም ከቤቱ እንደሚጠራ ነገራቸው። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከቁጥሩ በላይ ያረጋጋቸው ይሄ መልስ ነበር፤ ትክክል ናቸው።

*

12 ሴንቲ ሜትር ፍራንክፈርት የመረጠው ወሰን ነው። የማዋለድ መጻሕፍት የዚያን ርቀት አማካይ 11 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያደርጉታል፤ ጠባብ የሚሉት ከ10 በታች ሲሆን ነው። ስለዚህ የፍራንክፈርቱ ወሰን ለጥንቃቄ ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ረጃጅም ሴቶችና ከበድ ያሉ ሕፃናት ባሉበት አገር የተበጀ ነው። ቁመቷ አንድ ሜትር ከሃምሳ የሆነች፣ ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ሕፃን የያዘች እናት በዚያው ቁጥር ብትዳኝ ፍርዱ ልክ አይሆንም። በ11.9 እና በ12.1 መካከል ያለው ርቀት ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ሐኪሞች ያንኑ ምስል ቢለኩ ሊለያዩበት የሚችሉት ያህል ማለት ነው። ቁጥር ሲጻፍ ግድግዳ ይመስላል፤ እናትየዋም እንደ ግድግዳ ታየዋለች። ሐኪሙ ይህን ማስረዳት የሥራው አካል ነው።

የእንግሊዝ የማህፀንና የጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 መመሪያው የዳሌ ልኬት ሚና ግልጽ አለመሆኑን ጽፏል። የካናዳ የማህፀንና የጽንስ ሐኪሞች ማኅበርም በ2009 ምስሉን ግዴታ አላደረገም፤ ከሁሉ የሚሻለው ምልክት የምጡ መልካም አካሄድ ነው ብሏል። እኔ ከእነርሱ ጋር ሙሉ በሙሉ አልጣላም። የምጡ አካሄድ እውነተኛ ምስክር ነው። ሆኖም ዘግይቶ የሚመጣ ምስክር ነው።

*

ምስሉ የሚነሣው ሴቲቱ በጀርባዋ ተኝታ ሳትንቀሳቀስ ነው። ወሊድ ግን እንቅስቃሴ ነው። በ2014 አንከ ራይተርና ባልደረቦቻቸው 50 ነፍሰ ጡሮችንና 50 ነፍሰ ጡር ያልሆኑ ሴቶችን በኤምአርአይ ለኩ፤ አንድ ጊዜ በጀርባ ተኝተው፣ አንድ ጊዜ ተንበርክከው ቁጢጥ ብለው። ሲንበረከኩ የዳሌው መሀልና መውጫው ሰፋ። መግቢያው ግን በጥቂቱ ጠበበ። በጀርባ ተኝታ የተለካች ሴት ተንበርክካ ስትወልድ ሌላ ዳሌ አላት ማለት ይቻላል።

ፍራንክ ሉዌን የሚመሩት የፍራንክፈርት ቡድን በ2017 ባወጣው ጥናት፣ በመቀመጫ የመጡ ሕፃናትን ተንበርክከው ወይም ቆመው የወለዱ 229 እናቶችን በጀርባቸው ከወለዱ 40 እናቶች ጋር አነጻጽሮ፣ የመግፊያው ጊዜ እንዳጠረ፣ ሐኪሙ እጁን የሚያስገባበት አጋጣሚ እንዳነሰ፣ ጉዳትም እንደቀነሰ አሳይቷል።

ገጠር የወለዱ አያቶቻችን ተንበርክከው፣ ምሰሶ ወይም ገመድ ይዘው፣ ከኋላ የሚደግፋቸው ሰው አቁመው ነው የወለዱት። ጤና ጣቢያ ሲመጡ በጀርባ ተኙ ተባሉ። ብዙ ሴቶች ጤና ጣቢያን የሸሹበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደነበር ራሳቸው ይናገራሉ። ቤት መውለድ ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም፤ ቤት የሞቱብንን እናውቃለን። አልጋውን ግን ማስተካከል ይቻል ነበር።

*

አገር ቤት ኤምአርአይ በትልልቅ ከተሞች ያለ፣ ውድ፣ ለጭንቅላትና ለጀርባ ሕመም ወረፋ የሚጠበቅበት መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 26፣ በቀዶ ሕክምና የተወለዱት ከመቶ 2 ነበሩ። በ2019 በጤና ተቋም የተወለዱት ወደ 48 ከፍ ብለዋል። በዚህ ሁኔታ «ለእያንዳንዷ የበኩር ወላጅ የዳሌ ምስል» ማለት የሌለ ነገር መመኘት ነው።

ያለው ነገር ደግሞ ትንሽ አይደለም። የሠለጠነች አዋላጅ ነርስ በሁለት እጇ ሆዱን ዳብሳ ከጎድን አጥንት ሥር ያለውን ጠንካራ ክብ ነገር ታገኘዋለች። እናትየዋም ብዙ ጊዜ ታውቃለች፤ «እዚህ ጋ ይጎረብጠኛል፣ የሚራገጠኝ ደግሞ ወደ ታች ነው» ትላለች። ያንን በ36ኛው ሳምንት ሰምቶ ካርዱ ላይ መጻፍ ምንም ማሽን አይፈልግም። ተጽፎ ከተገኘ ለሪፈር ጊዜ አለ። ጉራጌ ውስጥ ያለው የአታት ሆስፒታል ከሩቅ የሚመጡ እናቶች ምጥ ሳይዛቸው ግቢው ውስጥ የሚቆዩበትን ማረፊያ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ አደራጅቷል። ሐሳቡ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች አለ። ልጇ በመቀመጫው የሆነ፣ ወልዳ የማታውቅ፣ መንገዷ የአንድ ቀን የሆነ ሴት እዚያ ማረፊያ ውስጥ የመጀመሪያዋ ልትሆን ይገባል።

የጠበበ ዳሌና የዘገየ እርዳታ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙትን፣ ከረጅም ምጥ የተነሣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው ሴቶች የሚታከሙበትን የፊስቱላ ሆስፒታል ማስታወስ ይበቃል። እዚያ ከታከሙት ብዙዎቹ የመጀመሪያ ልጃቸውን ለቀናት ያማጡ ናቸው።

*

አውሮፓ ውስጥ ያስፈራኝ ምስሉ የሚያገለግልበት አቅጣጫ ነው። ፍራንክፈርት ላይ ቁጥሩ የሚፈለገው ለመፍቀድ ነው፤ ለመሞከር ብቁ ነሽ ለማለት። በመቀመጫ የሚመጣን ሕፃን ማዋለድ የተወ ሆስፒታል ግን ያንኑ ምስል አዝዞ፣ ቁጥሩ 13 ቢሆንም፣ «እኛ ጋ የሚያዋልድ የለም» ሊል ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ሴቲቱን ዋሻው ውስጥ ማስተኛት ለምን አስፈለገ? ለበኩር ወላጇ የምመክራት፣ ምስሉን ከመነሣቷ በፊት ልክ እንደ እትዬ እንድትጠይቅ ነው፤ ቁጥሩ ጥሩ ቢሆን ማን ያዋልደኛል? ባለፈው ዓመት ስንት እንዲህ ዓይነት ሕፃን ተቀበላችሁ? መልሱ ዝምታ ከሆነ ወደ ሌላ ሆስፒታል ለመሄድ ጊዜ እያላት ታውቀው።

*

ሁሉም በቀዶ ሕክምና ይወለዱ ብለን ብንስማማ እንኳ፣ በመቀመጫ የሚመጡ ሕፃናት በምጥ መወለዳቸውን አያቆሙም። መንታ ሲሆን ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በመቀመጫው ወይም በእግሩ ይመጣል። ያለ ቀኑ ምጥ የያዛት ትመጣለች። የማህፀን በሯ ሙሉ ተከፍቶ፣ የሕፃኑ እግር ወጥቶ፣ ለመቅደድ ጊዜ ሳይኖር በታክሲ የምትደርስ አለች። ለእርሷ ኤምአርአይ አይታዘዝም። ተረኛዋ ከ2000 በኋላ የተማረች ከሆነች እንዲህ ያለ ወሊድ በዓይኗ ሳታይ ተመርቃ ሊሆን ይችላል። እጅን መቼ መሰብሰብ እንደሚገባ፣ ክንዶቹን እንዴት ማውረድ፣ ጭንቅላቱን እንዴት አጎንብሶ ማውጣት እንደሚቻል በአሻንጉሊትና በፕላስቲክ ዳሌ መለማመድ ይቻላል፤ በብዙ አገር ይደረጋል፤ ወጪውም ከአንድ ኤምአርአይ ማሽን ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለዳሌ ምስል በጀት የሚጠይቅ ሆስፒታል ሁሉ በዚያው ደብዳቤ የልምምዱንም ገንዘብ ይጠይቅ፤ የሌሊት ተረኞቹም መጀመሪያ ይሠልጥኑ።